መስኮት ላይ የተሰቀለው መቁጠሪያ

ጦርነት ሲመጣ ምን ምን እንደሚወደድ እናንተም ታውቁታላችሁ። ጨው ይወደዳል፣ ዘይት ይወደዳል፣ ክብሪት ይወደዳል። ከሁሉ የሚብሰው ግን ማስረዳት ነው። በደጉ ጊዜ ሰው ያልገባውን ይጠይቃል፤ በክፉ ጊዜ መልሱን ይዞ ይመጣል። መልስ ይዞ ለመጣ ሰው ማስረዳት ደግሞ ውኃ በወንፊት መቅዳት ነው።

እኔ መርሳ እየኖርኩ ወልድያ ፊዚክስ የማስተምር ሰው ነኝ። በዚያ ክረምት ትምህርቱም፣ ሚኒባሱም፣ መብራቱም በየተራ ቆሙ። እኔም ቆምኩ። መተኛት ሰልችቶኝ ስነሣ፣ መነሣት ሰልችቶኝ ስተኛ፣ አንድ ማለዳ የሰፈራችን ጥበቃ አለቃ አያ ሰይድ «የሳይንስ ነገር ገጥሞናልና ቶሎ ና» ብለው ላኩብኝ።

የተጠራሁት እትዬ ለተማርያም ደጃፍ ነው። እትዬ ለተማርያም በርበሬና ቅመም ነጋዴ ናቸው። ከትግራይ በሙሽርነት መጥተው፣ እዚሁ ወልደው፣ ባላቸውንም እዚሁ ቀብረዋል። በሰፈሩ ሠርግ የእሳቸውን ቅመም ያልቀመሰ የለም። ያን ዕለት ግን ከገዛ ደጃፋቸው ቆመው የነጠላቸውን ጫፍ ይጠመዝዛሉ። ጠመንጃ ያነገተ አንድ ጠባቂ፣ «ሌሊቱን በመስኮት አረንጓዴ መብራት እያሳዩ ለጠላት ምልክት ሲሰጡ አድረዋል» ይላል። ወደ ወልድያ የሚወስዳቸው የጸጥታ ኃይል መኪና እየተጠበቀ ነው። በዚያ ሰሞን እንዲያ ተጭኖ የሄደ ሰው መቼ እንደሚመለስ የሚያውቅ አልነበረም።

መብራት የተባለው መቁጠሪያ ሆኖ ተገኘ። የጎረቤት ልጅ ዘሀራ ከዐረብ አገር ስትመለስ ያመጣችላቸው፣ የእስላም መቁጠሪያ። እሳቸውም የልጅ ስጦታ ነው ብለው መስኮት ላይ ሰቀሉት።

«ባትሪው የታለ?» አሉኝ አያ ሰይድ፣ ፍሬዎቹን አንድ በአንድ እየጨመቁ።

«ባትሪ የለውም፣ አባ።»

መቁጠሪያውን ጥቂት ፀሐይ አሞቅሁትና ጋቢያቸውን በሁለታችን ራስ ላይ ጣልኩት። በጠራራ ፀሐይ፣ ሁለት ጎልማሶች ጋቢ ተከናንበን መቁጠሪያ እናያለን። ከጋቢው ውጭ የከበበን ሰው ሳቁን ዋጠ። ፍሬዎቹ አረንጓዴ ብርሃን ሰጡ።

«ያረቢ!» አሉ።

ማስረዳት ጀመርኩ። ፍሬዎቹ በተሠሩበት ላስቲክ ውስጥ ደቃቅ ክሪስታል አለ። ክሪስታሉ ንጹሕ ቢሆን ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ቢሞቅም እንዲህ አያበራም። ስለዚህ ሲሠሩት ሌላ ንጥረ ነገር ጣል ያደርጉበታል። የፀሐይ ብርሃን ሲነካው የዚያ ንጥረ ነገር ኤሌክትሮን ከቦታው ይነሣል፤ መንገድ ላይ ጉድጓድ ይይዘዋል፣ ልክ እኛን መርሳ ላይ መንገድ ተዘግቶ እንደያዘን። ቀስ ብሎ ሲመለስ ነው ብርሃን የሚሰጠው። ለዚያ ጥቂት ንጥረ ነገር ክፍል ውስጥ የምጠቀምበት ቃል «ባዕድ አዮን» የሚል ነው። ስንት ዓመት ያለ ሐሳብ ስለው የኖርኩትን ቃል፣ በእትዬ ለተማርያም ደጃፍ ግን ልለው አልደፈርኩም።

«እንግዳ ነገር ይገባበታል» አልኩ።

«የሚያበራው እንግዳው ነው?»

«አዎ፣ አባ።»

«ነባሮቹስ?»

«በመሐላቸው ቦታ ይሰጡታል። እነሱ ባይዙት እሱም ብቻውን እንዲህ አያበራም።»

አያ ሰይድ የሚያበሩትን ፍሬዎች በጣታቸው አንድ በአንድ ቆጠሩ። ከጋቢው ሲወጡ ላብ አጥምቋቸዋል።

«ይሄ አላህ የሚወሳበት ነው» አሉት ጠባቂውን። «ሂድ፣ መኪናውን መልሰው።»

«አባ፣ ቢሆንም እኮ…»

«መልሰው አልኩህ!» ወደ እትዬ ለተማርያምም ዞሩ። «አብሽሪ፣ እቴ። አብሽሪ።»

መኪናው እንደመጣ ባዶውን ተመለሰ። ሰዉ ተበተነ። እኔም፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ደረቴን ነፍቼ ቤቴ ገባሁ፤ ከተማርኩ ወዲህ ፊዚክስ ሰው ሲያድን ያየሁት ያን ቀን ነበር።

በሳምንቱ እትዬ ለተማርያምን ልጠይቅ ሄድኩ። መስኮቱን በጥቁር ብርድ ልብስ ከውስጥ ቸንክረውታል። እኩለ ቀን ነው፤ ቤቱ ድቅድቅ ብሏል። እየዳበስኩ ወንበር አገኘሁ።

«እትዬ፣ ቀን እንኳ አይከፍቱትም? አስረድተን ጨርሰን የለም እንዴ?»

«ልጄ» አሉኝ ከጨለማው ውስጥ፣ ሳይቆጡም ሳያለቅሱም፣ «ለአያ ሰይድስ አስረዳህልኝ፤ እድሜ ይስጥህ። በዚህ ደጅ ለሚያልፈው ሁሉ ማን ያስረዳልኛል?»

 ስለ ዝናቡ ጥቂት አወራንና ወጣሁ።