ገደሉን የሚያይ አዳራሽ

ጋይንት ውስጥ ቤት የሚሠራ ሰው አስቀድሞ የሚያማክረው ነፋሱን ነው። ድሃም ሆነ ሀብታም የቤቱን ጀርባ ለነፋስ፣ በሩን ለጎረቤት ይሰጣል። እንግዳ ሲመጣ ግን ይህን ሁሉ ዕውቀት ጠቅልለን መደብ ሥር እንደብቀዋለን። ይሉኝታ ትሉታላችሁ። እኔ ፍርሃት እለዋለሁ፤ ነጠላ ያጣፋ ፍርሃት።

ንፋስ መውጫ ከተማ ላይ ከሩቅ ቀበሌ ለሚመጡ ሴት ተማሪዎች ማደሪያ ይሠራል ተባለና እኛ ሽማግሌዎች ተጠራን። ንድፉን ያወጣው ጎልማሳ ከከተማ መጥቶ ሥዕሉን ዘረጋ። መካከሉ ላይ ሰፊ አዳራሽ፣ ፊቱ ገደሉን የሚያይ መስታወት።

«ልጆቹን ያቀራርባል፤ ከመልክዓ ምድሩም ጋር ይነጋገራል» አለን።

ልማድ ነውና መስኮቱን ቆጠርኩ፤ ሃያ አራት። ምድጃ ቆጠርኩ፤ የለም።

«ልጆቹ ሽሯቸውን የት ነው የሚሠሩት?» ብል፣ አጠገቤ የተቀመጡት የደብራችን አለቃ በክርናቸው ጎሰሙኝ። «እባክዎ አያ ደምሌ፣ የለማኝ ቅንጡ አያድርጉን!»

ሁሉም አጨበጨበ። ካጨበጨቡት መካከል የራሱን ቤት ፊት ወደ ገደል ያዞረ አንድም አልነበረም።

ማደሪያው አለቀ። የወንድሜ ልጅ አድማሱ ልጁን ሙሉን ከስማዳ አምጥቶ አስገባት። «በየሰው ቤት ተከራይታ ከምትንከራተት ትዳር ትያዝ» ይል የነበረ ሰው ነው፤ የታገሠው ይህን ቤት ብሎ ነው። ኅዳር ሲገባ ነፋሱ ከገደሉ ወጣና ከመስታወቱ ጋር በደንብ ተነጋገረ። እሳት ማንደድ ክልክል ነው። በሚያቀራርበው አዳራሽ ውስጥ የሚቀመጥ ሰው ጠፋ፤ ልጆቹ በየክፍላቸው ዘግተው፣ ብርድ ልብስ ተከናንበው በሶ ይበጠብጣሉ። አንዳንዶቹም ጓዛቸውን ይዘው ወደ ኪራይ ቤት ወጡ።

አድማሱ ይህን ሰምቶ በቅሎ እየሳበ መጣ። «አጎቴ፣ ይኸ ነው ማደሪያው? ላም እንኳ አላሳድርበትም። ልጄን እወስዳለሁ፤ ጠያቂም አላት።»

ዕለቱን ያ ንድፉን ያወጣው ጎልማሳ አዳራሹ ለምን ባዶ እንደሆነ ሊጠይቅ ተመልሶ ነበርና እኛም እዚያው ተሰብስበናል።

«ምን ጎደለ?» አለ።

«ኧረ ምንም! እግዜር ይስጥልን!» አሉ አለቃ፣ ጋቢያቸውን እስከ ጆሯቸው እየሳቡ።

እኔ አፌን ሳልከፍት ሙሉ ከበሩ ላይ ሆና ቀደመችኝ። «ምድጃ ጎደለ። አብረን የማንበላበት ቤት ምን ያቀራርበናል? አባቴ ሊወስደኝ በቅሎ ጭኖ ቆሟል። እኔ ስሄድ መስታወቱን እናንተ እዩት።»

አድማሱ ልጁን እንደ አዲስ ሰው አያት። «ማነው በሽማግሌ ፊት እንዲህ መናገር ያስተማረሽ?»

«ትምህርት ቤት ነዋ!»

አድማሱ ወጥቶ ጓዟን ከበቅሎው አወረደ።

አሁን ከማደሪያው ጀርባ፣ ነፋስ በማይደርስበት ጥግ፣ ማድ ቤት ተሠርቷል። የወጡት ተመለሱ፤ ማታ ማታ ሁሉም እዚያው ናቸው፤ አዳራሹ መስታወቱን ይዞ ብቻውን ገደል ያያል። በምርቃቱ ቀን አለቃ ተነሥተው፣ «ሐሳቡ የእኛ የሽማግሌዎቹ ነበር» ብለው ተናገሩ። ሁሉም አጨበጨበ። ቆጠርኩ፤ ያላጨበጨበች ሙሉ ብቻ ናት።

እጇን ሊጥ ይዞት ነበራ።