ሰው የመታው ንፋስ

ዛሬ ከምሳ በኋላ ወንበሬ ላይ እንደተቀመጥኩ እንቅልፍ ጣለኝና ሕልም አየሁ።

ቢሮው ያው የራሳችን ቢሮ ነው። ግን ኮምፒውተሮቹ ኮት ለብሰው፣ ክራባት አስረው ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፤ እኛ ሠራተኞቹ ጠረጴዛ ሥር አቧራ ላይ ተኮልኩለናል። ከወገቤ የወጣ ገመድ ግድግዳው ላይ ተሰክቷል። ጭንቅላቴ ይነድዳል። ሦስት ዓመት የሠራሁበት ጥቁሩ ኮምፒውተር ጎንበስ ብሎ አየኝና ለጎረቤቱ፣

«ይሄ ሰውዬ ደግሞ ጋለብኝ» አለው።

«አጥፍተህ አብራው።»

አፍንጫዬን ተጫነው፤ ጠፋሁ። መልሶ ተጫነው፤ በራሁ። ግለቱ ግን ያው ነው።

«ምን እያሠራኸው ነው?»

«ወንዝ።»

እውነቱን ነው። በውኔም በሕልሜም ከመጋቢት ጀምሮ ጭንቅላቴ ውስጥ ያለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሶሌ ወንዝ በዚህ ክረምት ሲሞላ በየት በኩል ጥሶ ይወጣል? ወንዙ ዳር አሥራ ዘጠኝ ቤት አለ። ሰዎቹ ወደ ትምህርት ቤቱ ሜዳ ይውጡ ወይስ ድልድዩን ተሻግረው ወደ ወፍጮ ቤቱ ይሂዱ? ይህን የሚለየው ስሌት ነው። ስሌቱ ቢሯችን ባለው አንድ ደህና ኮምፒውተር አራት ቀን ይፈጃል። ማቀዝቀዣው ስለተበላሸ ግን ኮምፒውተሩ በሁለተኛው ቀን ይግልና ራሱን ያጠፋል፤ ስሌቱም እንደገና ከዜሮ ይጀመራል። አዲስ ማቀዝቀዣ ይገዛልኝ ብዬ ደብዳቤ ጻፍኩ። የግዢ ኮሚቴው «በንፋስ የሚያቀዘቅዘው ይሁን ወይስ በውሃ የሚያቀዘቅዘው?» ብሎ ጠየቀኝ። «ማንኛውም ይሁን» አልኩ። ጥፋቴ ይኸው ነው። አንዱን ጠርቼ ቢሆን ኖሮ ያንን ከልክለው ሌላውን ይገዙልኝ ነበር። ማንኛውም ስላልኩ ሦስት ወር ተሰበሰቡበት።

በሕልሜ ቴክኒሻኑ መነጽር ያደረገ ማተሚያ ነበር። መፍቻውን ይዞ መጣና ከጆሮዬ በላይ ያለውን ብሎን ፈትቶ የራስ ቅሌን እንደ ድስት ክዳን አነሳው። ወደ ውስጥ አይቶ ፊቱን አዞረ።

«ተናዷል» አለ። «ይሄ ሁሉ ሙቀት ንዴት ነው። ማቀዝቀዣ ይፈልጋል።»

«በንፋስ ወይስ በውሃ?»

«እኔ ምን አገባኝ! ኮሚቴ ይጠራ።»

ኮሚቴው ተጠራ። ሰብሳቢው አቶ መንክር በውኔ እንደማውቃቸው ናቸው፤ በሙቀቱም በብርዱም አንገታቸው ላይ ሻርፕ ይጠመጥማሉ። በሕልሜ ግን ወንበራቸው እሳቸው ላይ ተቀምጧል። ወንበሩ እግሩን አጣምሮ ይናገራል፤ እሳቸው ከሥሩ ሆነው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ።

«ንፋስ ቀላል ነው» አለ ወንበሩ። «ትልቅ ብረት፣ ሁለት ማራገቢያ፣ አለቀ። እንዲህ ቀላል ከሆነ ግን ኮሚቴ ለምን አስፈለገ ያሰኛል።»

«ያሰኛል» አሉ አቶ መንክር።

«ውሃ ዘመናዊ ነው። ግን ቱቦው ሊያፈስ ይችላል። ካፈሰሰ ማን ይጠየቃል?»

ያ ጥያቄ ወለሉ ላይ እንደ አይጥ ሲሮጥ በዓይኔ አየሁት። አባላቱ በሙሉ እግራቸውን ወደ ላይ ሰበሰቡ።

«ሁለቱም ይሠራሉ!» ብዬ ጮህኩ። «ሁለቱም ይሠራሉ እኮ! ዓይናችሁን ጨፍናችሁ አንዱን ግዙ!»

«ይሄ ሰው ይጮኻል» አሉ አቶ መንክር ከወንበሩ ሥር አንጋጠው። «ማራገቢያው አቧራ ይዞ ይሆናል።»

ሁለቱም ይሞከሩበት ተባለ፤ መጀመሪያ ውሃው።

አንድ ቢጫ ጀሪካን ክንዴን ይዞ ወደ ቦኖው ወሰደኝ። እዚያ ጀሪካኖች እስከ ዋናው አስፋልት ተሰልፈዋል፤ እያንዳንዱ አንድ አንድ ሰው አንጠልጥሏል። ክዳን የጠፋባቸው ሰዎች አፋቸው በፌስታል ተወትፏል። ከፊታችን ያለው ጀሪካን ዞር አለ።

«ሰውህ ስንት ሊትር ይይዛል?»

«ኧረ ይሄ አይዝም። ንዴተኛ ነው፤ የገባበት ሁሉ ይተናል።»

«የእናንተ ሰፈር ፈረቃ ማክሰኞ አይደል እንዴ?»

«ዛሬ ማክሰኞ ነው።»

«ያለፈው ማክሰኞ ነበር።»

ተለማምጠን ከቧንቧው ሥር ደረስን። ቧንቧው ተከፈተ። አንዴ ተንሰቀሰቀ፣ አንዴ አስነጠሰ፤ ከዚያ ፉ ብሎ ንፋስ ብቻ ወጣ።

«ይኸው ንፋስ መጣልህ» አለ ጀሪካኑ። «አሁን እኔን ልቀቀኝ፤ ሌላ ሰው አለብኝ።»

የቧንቧው ንፋስ እጄን ይዞ ሮጠና አውቶቡስ ጋ አደረሰኝ። አውቶቡሱ ጢም ብሏል፤ ተሳፋሪው ሁሉ ንፋስ ነው። ነጠላ የተከናነቡ ንፋሶች አሉ፤ ነጭ ሽንኩርት አፍንጫቸው ውስጥ የወተፉ አሉ። እኔን ያመጣኝ ዘሎ ገባና አጠገባቸው ተሸጎጠ። እኔ ክፍት በነበረው መስኮት ራሴን አስገባሁ።

«መስኮቱን ዝጉት!» አለች አንዲት አሮጊት ንፋስ። «ሰው ገባ እኮ! ሰው ሊመታን ነው!»

«እናቴ፣ አንዴ ብቻ እፍ ይበሉብኝ። እየነደድኩ ነው።»

«አላደርገውም ልጄ! አምና አንድ ሰው መትቶኝ ይኸው እስከ ዛሬ ጎኔን ሰቅዞ ይዞኛል። ሐኪሙም አላወቀልኝ። በስንት ጸበል ነው የተነሳሁት!»

«በተለይ ላብ ላይ እያሉ ሰው ከመታ አለቀ» አለ ከኋላ ወንበር ጎርናና ንፋስ። «የአጎቴ ልጅ አፉ ተጣሞ የቀረው በሰው ነው።»

«ውይ፣ ውይ!» አለ አውቶቡሱ በሙሉ።

እንዲህ ባለ አውቶቡስ በውኔ ስንቴ ታፍኜ ሄጃለሁ። አንዲት ጣት ያህል ክፈቱልኝ ስል ያንቋሸሹኝን ሁሉ አስታወስኩና ደሜ ፈላ። «ንፋስ እኮ ናችሁ!» አልኳቸው። «ሥራችሁ መንፈስ ነው! ቢያንስ እናንተ ሥራችሁን ሥሩ!» ረዳቱ መስኮቱን ጣቴ ላይ ዘጋውና ወደቅሁ።

የወደቅሁት ቢሯችን ኮሪደር ላይ ነው። ኮሪደሩ በሰልፍ ተሞልቷል፤ የተሰለፉት ደግሞ የኮሚቴው አባላት ናቸው። የጉዳይ መቀበያው መስኮት ውስጥ ማኅተም ይዘው የተቀመጡት አባባ ለሜሳ ነበሩ።

አባባ ለሜሳ ወንዙ ዳር ያሉት የአሥራ ዘጠኙ ቤቶች ሽማግሌ ናቸው። በውኔ በየማክሰኞው እየመጡ አግዳሚው ላይ ይቀመጡና «ልጄ፣ ማሽኑ ተናገረ?» ይሉኛል። «ገና ነው አባባ» እላቸዋለሁ። «እሺ፣ አይቸኩል፣ አጣርቶ ይናገር» ብለው ይሄዳሉ። በሕልሜ ግን ፊታቸው ኮስተር ብሏል።

«ቀጣይ! ምን ነበር ጉዳይዎ?»

አቶ መንክር ወንበራቸውን አዝለው ቀረቡ። «አባባ፣ ቤቴ ውሃ ገብቷል። በየት በኩል ልውጣ?»

«በበር ወይስ በመስኮት?»

«ማንኛውም ይሁን።»

«ማንኛውም የሚባል የለም። ኮሚቴ ይየው። ነገ ይመለሱ።»

«ኧረ አባባ፣ ወገቤ ደርሷል!»

«አንገትዎ ሲደርስ ማመልከቻ ያስገቡ።»

ደስ አለኝ። መዋሸት አልፈልግም፤ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም። «ይበሏቸው አባባ! ያመላልሷቸው!» እያልኩ አጨበጨብኩ።

ከሰልፉ ጫፍ ጉሮሮ የሚጠርግ ሰማሁ። ወንዙ ነው። ኮሪደሩን እንዳያረጥብ ጫማውን አውልቆ በእጁ ይዟል።

«ይቅርታ አድርጉልኝ ጌቶቼ» አለ። ከሁሉም ትሑቱ እሱ ነበር። «ቀጠሮዬ ከሰኔ በፊት ነበር። በየት በኩል እንደምሄድ ካልነገራችሁኝ በራሴ መሄዴ ነው።»

አባባ ለሜሳ ማኅተሙን አስቀመጡና ወደ እኔ ዞሩ። ያ ኮስታራ ፊት ጠፋ፤ አግዳሚው ላይ የማውቀው ፊታቸው ተመለሰ።

«ልጄ፣ ንገረን በል። ወዴት እንሂድ?»

መልሱን አውቀው ነበር። ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። አፌን ከፈትኩ።

«ዘጠና ሦስት በመቶ» አልኩ።

«ወዴት?»

«ዘጠና አራት በመቶ።»

«ወዴት ልጄ?»

እግሬን ውሃ ነካኝ። ማተሚያው ከኋላዬ መጥቶ አፍንጫዬን ተጫነው።

ነቃሁ።

ላብ አጥምቆኛል። ቢሮው እንደ ምድጃ ግሏል። ከአርብ ማታ ጀምሮ ይህን ኮምፒውተር የሚያቀዘቅዘው ኮሚቴው ሳይሆን እኔ ነኝ፤ ስሌቱን እንደገና አስጀምሬ፣ የጎኑን ሽፋን ፈትቼ፣ የቤቴን ማራገቢያ አምጥቼ ደቅኜበት፣ መስኮቱን ወለል አድርጌ ከፍቼ፣ አራት ሌሊት አጠገቡ አድሬያለሁ። ምሳ ሰዓት ላይ ዘጠና ሁለት በመቶ ደርሶ ነበር። ከዚያ በፊት እንዲያ ርቆ ሄዶ አያውቅም። እስከ ማታ ይጨርስ ነበር።

መስኮቱ ተዘግቷል።

«ማነው መስኮቱን የዘጋው?»

«እኔ ነኛ!» አሉ ሻይ የሚያፈሉልን እትዬ ጥሩወርቅ፣ ብርጭቆ እየሰበሰቡ። «አልቦህ ተኝተህ ያ ሁሉ ንፋስ! ልትሞት ነው እንዴ? ማራገቢያውንም ነቅዬልሃለሁ። ደብዳቤም መጥቶልሃል፣ ያውልህ።»

ደብዳቤው ላይ የአቶ መንክር ፊርማ አለ። በንፋስ ወይስ በውሃ የሚለው ጉዳይ ጥልቅ ጥናት ስለሚያስፈልገው ከክረምቱ በኋላ እንዲታይ ተወስኗል ይላል። ጨምድጄው ተነሳሁ። ኮሪደሩን አቋርጬ፣ የሰብሳቢውን በር በርግጄ ገብቼ የምለውን ሁሉ አውቀው ነበር። ከዚያ ወደ ኮምፒውተሩ ዞርኩ።

ስክሪኑ ጠቁሯል። ሳጥኑ ከላይ እስከ ታች በነጭ ጋቢ ተጠቅልሏል። ከጎኑ አባባ ለሜሳ በስስ ሸሚዝ ብቻ ተቀምጠው እጃቸውን ጋቢው ላይ አሳርፈዋል። ዛሬ ማክሰኞ መሆኑን ረስቼው ነበር።

«እኔ ነኝ ያለበስኩት» አሉኝ በሹክሹክታ። «ስገባ አንተ ተኝተሃል፣ እሱ ይንቀጠቀጣል፣ ያቃስታል። ለእኛ ብሎ እኮ ነው የሚደክመው ብዬ አሳዘነኝ። ሲሞቀው ይኸው ዝም አለ።»

የጨመደድኩትን ደብዳቤ ኪሴ ከተትኩ። የጣሪያው ቆርቆሮ ላይ አንድ ጠብታ አረፈ፣ ሌላ አረፈ፣ ከዚያ መቁጠር አልተቻለም።

አባባ ለሜሳ ወደ ጣሪያው አንጋጠው አዩ፤ ጋቢው በአንድ በኩል ተገልጦ ስለነበር ቀስ ብለው አስተካከሉለት።

«ልጄ» አሉኝ፣ «ሳይተኛ በፊት ተናገረ?»