የራውያ አንድ ማርክና የዶክተር ዋጊህ ኮት

ቀን፦ ማክሰኞ፣ ሰኔ 4
ቦታ፦ እስክንድርያ፣ የሕክምና ፋኩልቲው ስብሰባ ክፍል፣ የማይሠራው የጣሪያ ቬንቲሌተር ሥር
ለ4 ሰዓት የተጠራው ስብሰባ 5፡20 ተጀመረ።

የተገኙ፦
ፕሮፌሰር ሹክሪ፣ ሰብሳቢ
ዶክተር ኢግላል፣ አባል
ዶክተር ዋጊህ፣ አባል (ኮታቸው ወንበራቸው ላይ አለ፤ እሳቸው የበሬ እግር ሾርባ ሊጠጡ ወጥተዋል። በመሥሪያ ቤቱ ልማድ ኮቱ ያለ ሰው እንዳለ ይቆጠራል።)
ፈትሂ፣ ጸሐፊ፣ ድምፅ የለውም

ምልዓተ ጉባኤው ሦስት ስለሆነ በኮቱ ተሟልቷል።

አጀንዳ 1፦ የተማሪ ራውያ አቤቱታ

ተማሪዋ የአያያዥ ሕብረ ሕዋስ ዓይነቶችን ከነጥቅማቸው ጥቀሺ ተብላ፣ ጡንቻን ከአጥንት የሚያስር ጅማት፣ ጆሮን ቀጥ አድርጎ የሚይዝ ልም አጥንት፣ ሰውነትን የሚሸከም አጥንት፣ ሙቀት የሚጠብቅ ስብ፣ ምግብና አየር የሚያዳርስ ደም ብላ ጽፋለች። ደም ተሰርዞባታል። በዚህች አንድ ማርክ ወድቃለች፤ ደጋሚ ስለሆነች ትባረራለች። በር ላይ ቆማ ትጠብቃለች።

ሰብሳቢው “የሚፈስ ነገር ደግሞ ምን ያያይዛል?” ሲሉ ጠየቁ። ዶክተር ኢግላል “ኧረ በፈጣሪ! ደም ከአያያዦቹ አንዱ መሆኑን ያስተማሩኝ እርስዎ አይደሉ እንዴ?” አሉ። ሰብሳቢው ያኔ መጽሐፋቸው እንዳልታተመ አስረዱ። ተማሪ ሁሉ የግድ የሚገዛው ይህ መጽሐፍ ደምን ዘሎታል። ሰብሳቢው ደም ሲረጋ ጉዳዩ እንደገና ይታይ የሚል ሐሳብ አቀረቡ፤ ደጋፊ አላገኘም።

ድምፅ ሲሰጥ አንድ ለአንድ ሆነ። ዶክተር ኢግላል ተነስተው የኮቱን እጅጌ ወደ ላይ አነሱ። ሰብሳቢው “ኢግላል፣ ቀልድ ነው የያዝሽው?” ቢሉ፣ “ባለፈው ወር መጽሐፍዎን ግዴታ ያደረገው ማን ሆነና? ይኸው ኮት አይደል!” ሲሉ መለሱ። ከረጅም ውይይት በኋላ ማርኩ እንዲሰጣት ሁለት ለአንድ ተወሰነ። ጸሐፊው ደስ ብሎታል፤ ደስታው ግን አይቆጠርም።

አጀንዳ 2፦ ፊርማ

ሊፈረም ሲል ዶክተር ዋጊህ ገቡና “ታክሲ ቆሞብኛል፣ ደህና ዋሉ” ብለው ኮታቸውን ይዘው ወጡ።

ሰብሳቢው ምልዓተ ጉባኤ ስለጎደለ ዛሬ የተወሰነው ሁሉ እንዳልተወሰነ እንዲቆጠር ወሰኑ። ዶክተር ኢግላል “እንግዲያው ይሄም አይወሰንማ!” ቢሉም፣ ተቃውሞአቸው በምልዓተ ጉባኤ ጉድለት ውድቅ ሆነ። ስብሰባው 7፡05 ላይ ተዘጋ።

ውሳኔውንና የኮቱን ነገር በር ላይ ስነግራት ራውያ “ጋሼ ፈትሂ፣ ለካ የወደቅሁት ከአያያዦቹ ጋር ኮትን ሳልጽፍ ቀርቼ ነው” ብላ አለቀሰች። ይህ ከመዝጊያ ሰዓት በኋላ የተነገረ ስለሆነ በቃለ ጉባኤው አልተካተተም።