የአያ አህመዲን አፍንጫ

የአንድ ሰው ዕድሜ ተሰብስቦ ሲጨበጥ ምን ይሆናል? አንዳንዱ መሬት ይሆናል፣ አንዳንዱ ልጅ፤ የብዙዎቻችን ግን እፍኝ የማይሞላ ወሬ ነው። የአያ አህመዲን ሰባ ዓመት ተጠቅልሎ አፍንጫ ሆኗል።

እንዲህ ያለ ሰው የሌለበት ሰፈር የለም። ቤትህ ሲገባ ከሰላምታው በፊት አየሩን ይስባል፤ የቀረበለትን ሳይቀምስ ያሸታል፤ ትናንት የበላኸውን ዛሬ ይነግርሃል። የእኛው ባለ አፍንጫ ከመካነ ሰላም በወግዲ መንገድ አንድ ሰዓት ተኩል ተሂዶ ይገኛሉ።

ገበያ ወጥተው ስንዴ ሲገዙ ማየት ነው። እጃቸውን እስከ ክርን ጆንያው ውስጥ ይከታሉ፤ ከሥር አንድ እፍኝ ያወጣሉ፤ በሞቀ ትንፋሽ እፍ ይሉበታል፤ ከዚያ ዓይናቸውን ጨፍነው ይስባሉ። «ይሄን ዝናብ አግኝቶታል» ይላሉ እንደ ዳኛ። አንድ ቅዳሜ አልታየች የምትባል እህል ሻጭ መረራትና፣ «አያ፣ ወይ ይግዙ ወይ ይተዉት፤ በአፍንጫዎ ጨረሱት እኮ!» አለቻቸው። ገበያው ሳቀ። አልታየችም ልታሳፍራቸው ጆንያውን ዘረገፈችው፤ ሥሩ ሻጋታ ነበር።

«አፍንጫ አይዋሽም!» አሉ ክቡርነታቸው፣ ከዘራቸውን አንሥተው እየሄዱ።

ሌላ ቀን ለቅሶ ቤት ተቀምጠው፣ ደጅ የታሰረችውን አራስ ላም ከሩቅ አይተው፣ ጠጋ ብለው አሽትተው፣ «ትንፋሿ ጣፍጧል፤ ይቺ ላም ታማለች» አሉ። የእንስሳት ሐኪሙ በሦስተኛው ቀን መጥቶ ያንኑ በረጅሙ ተናገረ።

የዚህ ጥበብ ዋና ተጎጂ ጎረቤታቸው ቢሻው ነው። በግ ያረባል። አያ አህመዲን ሠላሳ ዓመት ሙሉ የቢሻውን ደፍ አልፈው አያውቁም። «በጎችህ ገደሉኝ ቢሻው! አውጣቸውና እገባለሁ» ይላሉ። እሱም «እሺ አያ» ብሎ በርጩማውን ውጭ ያቀርብላቸዋል።

ነገሩን በሳይንሱ ካየነው ሽታ የነገሩ የራሱ ቁራጭ ነው፤ ከእበቱ፣ ከሽንቱ፣ ከገለባው ተነሥቶ የሚበር፣ ዓይን የማያየው ቅንጣት። በነፋስ ተሳፍሮ ይመጣና አፍንጫ ጣራ ላይ ያሉትን የነርቭ ጫፎች ይነካል፤ እነሱም ለአንጎል ያሳብቃሉ። አንጎል ደግሞ እንደ ማናችንም ነው፤ ያው ወሬ ጠዋት ማታ ሲነገረው መስማት ይተዋል። መጤውን ሽታ በጩኸት ይቀበላል፣ አብሮት የሚያድረውን ይረሳል። ስለዚህ ሰው አጥርቶ የሚያሸተው የጎረቤቱን ግቢ ነው። አፍንጫ አይዋሽ ይሆናል፤ ዝም ማለት ግን ያውቅበታል። ይህን ለአያ አህመዲን የሚነግር ደፋር አልተገኘም።

ባለፈው ክረምት ሳል ጣላቸው። ጂዳ ሰባት ዓመት ሠርታ የተመለሰችው ልጃቸው ፈይዛ መካነ ሰላም ወዳሠራችው ቤት ወሰደቻቸው። ሐኪሙም የላሞቻቸው ጋጣ አየር ለደረታቸው እንደማይበጅ ተናገረ። ሳሉ ሲለቃቸው ሊመለሱ ተስማምተው ላሞቹን ለቢሻው አደራ ሰጡ። የፈይዛ ቤት ወለሉ ሴራሚክ ነው፤ በየቀኑ በበረኪና ይታጠባል። «ይሄ ቤት ምንም አይናገርም» እያሉ ቀን ቆጠሩ። ሲጨንቃቸው የእንግዳ ጫማ ያሸታሉ።

እኛም ተጎዳን። በዚያ ሦስት ወር ገበያው ላይ የሻገተ እህል በዛ፤ የሚፈራው ሰው አጥቶ።

ኅዳር ላይ ሳሉ ለቀቃቸው። ከፈይዛ ጋር በባጃጅ መጡ። የአጥራቸው በር ላይ ሲደርሱ ቀጥ ብለው ቆሙ፤ የጋቢያቸውን ጫፍ አፍንጫቸው ላይ ያዙ።

«ቢሻው! ምን ሞቶ ነው?»

«ምንም አልሞተም አያ።»

«ታዲያ ይሄ ግማት?»

«የእርስዎ ጋጣ ነው።»

«ያ አላህ! መቼ ጀመረው?»

«እኔ እዚህ ስመጣማ ነበር። ሠላሳ ዓመቱ።»

«ለምን አትነግረኝም ታዲያ!»

«ስለኔ በጎች ሲያወሩ ወላሂ ተራ አልደረሰኝም።»

ፈይዛ ሳቋ አመለጣት። አያ አህመዲን አልሳቁም። ዳለቻ የምትባለው አሮጊት ላማቸው ድምፃቸውን ለይታ መጣችና አፏን ትከሻቸው ላይ አኖረች፤ እሳቸው ፊታቸውን አዞሩ። ወዲያው አፈሩ። አንገቷን አቅፈው ሊጠጉ ሞከሩ፤ ዓይናቸው እንባ ሞላ፤ ከሽታው ይሁን ከሌላ ማንም አልጠየቀም።

«እቤቴ እንግዳ ሆኜ ቀረሁ» አሉ ቀስ ብለው።

«እንግዲያው ከኔ ጋር ይኑሩ አባ» አለች ፈይዛ።

«የለም። ሰባት ቀን ጋጣው ደፍ ላይ አንጥፉልኝ። አፍንጫዬ እንደገና ይልመደውና ዝም ይበል። እሱ ዝም ካለ ቤቴ እገባለሁ።»

«ሳሉ ቢመለስስ? አይሆንም አባ።»

«ቢሻው፣ አንተ ንገራት እንጂ!»

ቢሻው ዳለቻን ይዞ ከመንገዱ ሳባት። ፈይዛ ክንዳቸውን ይዛ ባጃጁ ላይ አወጣቻቸው።

«ሦስት ቀን!» አሉ አያ አህመዲን።

ሞተሩ ተነሣ። አንገታቸውን በጎን አውጥተው፣ ለልጃቸው ይሁን ለቢሻው ወይም ለላሟ ባልለየ ድምፅ፣ «እሺ፣ አንዲት ሌሊት!» ብለው ጮኹ። «አንዲት ሌሊት ብቻ አሳድሩኝ!»