የደጃፉ ሚኒስትር

የግንቦት የመጨረሻው እሑድ ይመስለኛል፤ ምናልባትም የሰኔ የመጀመሪያው። ዣንጥላ ይዤ እንደነበር አስታውሳለሁ፤ ዣንጥላ ግን በበጋም ስለምይዝ ማስረጃ አይሆንም። አስረግጬ የምናገረው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ እንግዳን ደጃፍ ላይ ይዞ አልለቅም የሚል ሰው የሌለው ቤተ ክርስቲያን በዓለም ላይ የለም።

የእኛዋ ጡረታ የወጡ ነርስ ናቸው። ከኋላቸው «ክብርት የደጃፍ ሚኒስትር» እንላቸዋለን፤ ፊታቸው ስንቆም ግን «እትዬ» ነው።

መግቢያው ግድግዳ ላይ «እዚህ እንግዳ የለም፤ ሁሉም ቤተኛ ነው። የቆሰለም ይድናል» ተብሎ በትልልቁ ተጽፏል። ሌሎቻችን እንደ ግድግዳው ቀለም ለምደነዋል። እሳቸው ግን እንደ ሐኪም ትእዛዝ ነው የተቀበሉት። የመጣውን ሰው እጅ በሁለት እጃቸው ይይዛሉ፤ ጣታቸው ሳይታወቃቸው የደም ሥሩን ፈልጎ ያገኛል። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ «የቱ ጋ ነው የሚያምህ?» ይላሉ።

«ኧረ ደህና ነኝ» የሚል ካለ አይለቁትም። «ደህና ሰው እሑድ ጠዋት ይተኛል እንጂ እዚህ ምን ይሠራል?»

ጎረቤታችን ያለው የሰርግ አዳራሽ መስሏቸው የገቡ ባልና ሚስት፣ ስጦታቸውን እንደታቀፉ ተቀምጠው «አሜን» ሲሉ ተገኝተዋል። ሌላ ቀን ደግሞ ድምፅ ማጉያው ተበላሽቶ ጠጋኝ ተጠራ። ሰውዬው የመሣሪያ ሣጥኑን አንጠልጥሎ በሩ ላይ ደረሰ።

«እትዬ፣ እኔ እኮ ሽቦ ልሠራ ነው የመጣሁት።»

«ሁሉም የሚለው እንደሱ ነው» አሉና ሣጥኑን ተቀብለው ወንበር ሥር ከተቱት፤ እሱንም መሐል ረድፍ ላይ አስቀመጡት። ሰባኪው ያን ቀን ያለ ማጉያ ጉሮሮው እስኪሰነጠቅ ጮኸ። ጠጋኙ ደግሞ አለቀሰ፤ ስለ ምን እንዳለቀሰ የሚያውቁት እሳቸው ብቻ ናቸው። ሰውዬው ዛሬም ከእኛ ጋር ነው። ማጉያውም ዛሬም ያፏጫል።

እንዲህ ያለ ሥልጣን ተቃዋሚ አያጣም። የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌዎች ተሰበሰቡ። ሰው በር ላይ ይከማቻል፣ እንግዳም ይደነግጣል ተባለ፤ ባጅ ያንጠለጠሉ ሁለት አስተናጋጆች በእትዬ ቦታ እንዲቆሙ ተወሰነ። ሰብሳቢው ሲነግሯቸው አጠገባቸው ነበርኩ።

«እትዬ፣ ትንሽ ይረፉ ብለን ነው።»

«ማን ደከመኝ አለ?»

እትዬም ቦርሳቸውን አነሡ። «ይሁን። ብቻ እጅ መያዝ እንዳይረሱ።»

ያ ግንቦት ይሁን ሰኔ ያልለየሁት እሑድ፣ ከዚህ በኋላ የመጣው ነው። አስተናጋጆቹ ፈገግ ብለው «እንኳን ደህና መጡ» ይላሉ፤ ሰዉም ሳይደናቀፍ እንደ ውሃ ይፈስሳል። እትዬ የመጨረሻው ረድፍ ላይ ብቻቸውን ተቀምጠዋል። ሥራ የፈታ እጃቸው የራሳቸውን የእጅ አንጓ ይዟል።

ሄጄ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። እናቴን የቀበርኩ ሰሞን፣ እዚያው ረድፍ ላይ፣ አንዲት ቃል ሳይጠይቁኝ ጸሎቱ እስኪያልቅ እጄን ይዘው ተቀምጠው ነበር። ለካ በዚህ ሁሉ ዘመን ያን «የቱ ጋ ነው የሚያምህ?» የሚል ጥያቄያቸውን መልሶ እሳቸውን የጠየቀ ሰው የለም። እጃቸውን በሁለት እጄ ያዝኩ።

«ምነው፣ በረደህ?» አሉኝ።

«አይ እትዬ፣ እኔማ ልጠይቅዎት ነው…»

ዓይናቸው ግን በሩ ላይ ነበር። አንድ ሰው በአስተናጋጆቹ መሐል አልፎ ገብቶ፣ የሚቀመጥበት ጠፍቶት ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። እትዬ እጃቸውን ከእጄ አውጥተው ቦርሳቸውን ጭኔ ላይ ጣል አደረጉ።

«ለሁለት ሰው ቦታ ያዝ። ይሄ ሰው አሞታል» አሉኝና፣ ጥያቄዬን አፌ ላይ ጥለውት ሄዱ።