ከማሳው የሰፋው መከስከሻ

ስለ ማረሻ የማያወራ የለም። ዘፈን ወጥቶለታል፣ ግጥም ተገጥሞለታል፣ ብር ላይ ሳይቀር ከነበሬው ታትሟል። ስብሰባ የሚከፍተው ሹም እንኳ ገበሬውን ሲያሞግስ «እርፍ ጨባጩ ሕዝባችን» ነው የሚለው። «መከስከሻ ጎታቹ ሕዝባችን» ሲባል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እኔም አልሰማሁ። ማረሻ መሬቱን ይገለብጥና ጓሉን እንዳገላበጠ ትቶት፣ ተሞግሶ ወደ ቤቱ ይገባል። ያን ጓል ሰባብሮ፣ አድቅቆ፣ አልሞ ለዘሩ መኝታ የሚያነጥፍለት ከኋላ የሚመጣው መከስከሻ ነው። ሠርግ ያደመቀውን ዘፋኝ አገር ያውቀዋል፤ በማግሥቱ የድግሱን ድስት የምታጥበውን ሴት ግን ስሟን እንኳ የሚጠይቅ የለም።

ይቅርታ፣ ገና ከመጀመሬ ሞቅ አለኝ። ስለ መከስከሻ ሳወራ እንዲህ ነኝ። ባለቤቴ ማርታ ዐመሌን ስለምታውቅ እንግዳ ፊት ወሬውን ስጀምር ቶሎ ብላ ማዕድ ታቀርባለች፤ አፌ በጉርሻ ሲሞላ እንግዳው ያርፋል ብላ ነው። እናንተ ግን ከማዕዴ ስለራቃችሁ የሚያስጥላችሁ የለም።

ሥራዬ ብየዳ ነው። ሶዶ ከመናኸሪያው ዝቅ ብላ ባለች ቤቴ በር እሠራለሁ፣ መስኮት እሠራለሁ፣ አልጋ እሠራለሁ። በር ምን ያጓጓል? ትሠሩታላችሁ፣ ይከፈታል፣ ይዘጋል፣ አለቀ። መከስከሻ ግን ያስባችኋል። ጫማ ከእግር ጋር እንደሚለካ እሱም ከመሬቱ ጋር ይለካል። ለሚያጣብቀው ቀይ አፈር ጥርሱ ረዘም፣ ክብደቱ ጠንከር ማለት አለበት፤ ከቀለለ ጓሉ ላይ እንደ ፍየል ሲዘል ይውላል። በቆሎ ትንሽ ጓል ቢያገኘው አይከፋውም፣ ገፍቶት ይወጣል። ጤፍ ግን ሌላ ነው። ያቺ ቅንጣት በሁለት ጓል መካከል ከገባች ፀሐይ አታይም፤ ስለዚህ ለጤፍ የሚሠራ መከስከሻ ጥርሱ ጠጋ ጠጋ ይላል። ቀኑም ይመረጣል። አፈሩ ከደረቀ ብረቱ ይንጫጫል እንጂ ጓሉ አይሰበርም፤ ከራሰ ደግሞ ጭቃው በጥርሶቹ መካከል ይሞላና ግድግዳ ስትጎትቱ ትውላላችሁ። በሁለቱ መካከል ያለችው ጊዜ ጥቂት ናት፤ እሷ ካለፈች የዓመቱ ጤፍ አብሯት ያልፋል።

ነገሩ የሆነው ሚሊኒየሙ ሊገባ ጥቂት ሲቀረው ነው። ያ ዘመን የሥልጠና ዘመን ነበር። ገበሬው ይሠለጥናል፣ አሠልጣኙ ይሠለጥናል፣ ከዚያ ሥልጠናው ራሱ ይገመገማል። ከቦዲቲ ወጣ ብለው የሚኖሩት አማቴ አቶ አንጁሎም አንድ ቀን ተጠርተው ሄዱ። ባለሙያው ግድግዳው ላይ ትልቅ ሥዕል ሰቀለ፤ ትራክተር፣ ከትራክተሩ ኋላ ባለ ክብ ምላጭ መከስከሻ። ዘመናዊው አመራረት ይኼ ነው አለ። ሥዕሉ በእውነት ያምራል። ችግሩ ትራክተሩ አንድ ጊዜ ለመዞር የአማቴን ማሳ፣ የጎረቤታቸውን ማሳና የቤተ ክርስቲያኑን ግቢ መፈለጉ ነው። ታዳሚው አጨበጨበ፣ ሻዩን ጠጣ፣ ወደየቤቱ ሄደ። አማቴ ግን ሥዕሉን በልባቸው ይዘው ሄዱ።

ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ። እዚያ አገር ጓል የሚሰበረው በደቦ ነው፤ ወላይታዎቹ ዳጎ ይሉታል። ባለማሳው ጎረቤቱን ይጠራል፣ ሁሉም መቆፈሪያውን ይዞ ይመጣል፣ እየተዘፈነ ሲከሰከስ ውሎ ማታ ይበላል፣ ይጠጣል። ደንቡ ቀላል ነው። ስትጠራ አንዱን ጎረቤት ዘለህ አንዱን መጥራት የለም፤ የተጠራም አይቀርም። የአማቴ አዋሳኝ ደግሞ ታናሽ ወንድማቸው አቶ ሄባና ናቸው፤ ሁለቱ ሆድና ጀርባ ከሆኑ ዓመታት ተቆጥረዋል። ከአባታቸው በወረሱት መሬት መካከል የሣር ድንበር አለች። አንጁሎ «ገፋብኝ» ይላሉ፣ ሄባናም «ገፋብኝ» ይላሉ፣ ሣሯ ዝም ብላ ትበቅላለች። እንግዲህ ዳጎ ቢጠሩ ሄባናን መጥራት ሊኖርባቸው ነው፤ ከሚጠሯቸው ጓሉን በጥርሳቸው ቢሰብሩ ይመርጣሉ። እስካሁን ልጆቻቸው ሲከሰክሱላቸው ቆይተው ነበር። አሁን ወንዶቹ ለሥራ ርቀው ሄደዋል፣ ማርታን እኔ ወስጃታለሁ፣ ቤት የቀረችው የመጨረሻዋ አስቴር በጥር ልትዳር ነው። የሠርጉ ጤፍ ከዚያ ማሳ ካልወጣ ሊገዛ ነው። ሁለት በሬ ያለው ሰው፣ አቶ አንጁሎን የሚያህል ሰው፣ ልጁን በገበያ ጤፍ ሲድር ሄባና ቆመው ሊያዩ ነው።

ሐምሌ አጋማሽ ላይ ጃንጥላቸውን አጥፈው ወርክሾፔ ገቡ።

«ማርታ ደህና ነው?»

«ደህና ናት አባባ፤ ይቀመጡ።»

«አልቀመጥም። መከስከሻ ሥራልኝ፣ ልጄ። ሰው የማይፈልግ።»

በሕይወቴ ከዚያ የጣመኝ ትእዛዝ የለም። ወረቀት አነሣሁና ሣልኩላቸው። ማሳቸውን አውቀዋለሁ፤ ባንድ ጎኑ እንሰት፣ በጫፉ የውኃ መውረጃ፣ ረጅምና ቀጭን ነው። ስለዚህ ጠበብ ያለ፣ እንደ ልብ የሚዞር፣ ጥርሱ ጠጋ ያለ ሣልኩ። ልክክ ያለ ነገር ነበር። አማቴ ሥዕሉን ወደ ብርሃኑ አዙረው ተመለከቱት።

«ጠባብ ነው።»

«ለማሳዎ ልኩ ነው አባባ።»

«ባንድ ጠዋት መጨረስ አለብኝ። ሄባና ቁርስ በልቶ ሳይወጣ። ሰፊ አድርገው።»

እሺ ከማለት በፊት ማስረዳት ነበረብኝ ትሉ ይሆናል። አስረዳሁ። አማት ናቸው እንጂ ደንበኛ ብቻ አይደሉም፤ ደግሞ እውነቱን ለመናገር ሰፊ መከስከሻ ሲባል እኔም ልቤ ደነገጠ፣ በደስታ። አንግል ብረቱን ቆረጥኩ፣ ቶንዲኖ ከምንለው ወፍራም ክብ ብረት ጥርስ አሾልኩ፣ በየዳሁ፣ ቀይ የዝገት መከላከያ ቀባሁት። ሲያልቅ በበሩ አልወጣ ብሎ በጎኑ አዘንብለን አወጣነው። አይሱዙ ላይ ጥርሱን ወደ ሰማይ አድርገን ጫንነው። አብረውን የተሳፈሩ አንዲት እናት ረዘም ላለ ጊዜ ሲያዩት ቆይተው፣ «ይኼ የማን አልጋ ነው? ምን ያጠፋ ሰው ነው የሚተኛበት?» አሉኝ።

ሌሊቱን ዝናቡ ጋብ ብሎ አደረ፤ በማግሥቱ ያቺ የነገርኳችሁ መካከለኛዋ ጊዜ ደረሰች። በማለዳ በሬዎቹን ጠመድን። ጎረቤቱ በአጥሩ ላይ ተደርድሯል። አቶ ሄባናም ቁርሳቸውን ሳይበሉ ወጥተዋል፤ የታረሰ፣ ገና ያልተከሰከሰ ማሳቸው ላይ ቁጢጥ ብለው የራሳቸውን አፈር የሚመረምሩ መስለዋል። አማቴ «ሂድ» አሉ።

እንዴት ልንገራችሁ? ጓሉ በጥርሶቹ ሥር ሲገባ ቆሎ እንደሚቆረጠም ነበር የሚሰማው። ከፊት ድንጋይ የሚመስል መሬት፣ ከኋላ የተነፋ ዱቄት የሚመስል መሬት። እየሮጥኩ ከኋላው አፈሩን እዘግናለሁ፣ እበትናለሁ፣ እንደገና እዘግናለሁ። አጥሩ ላይ ያሉት «ሎኦ፣ ሎኦ» ይላሉ፤ መልካም ነው ማለታቸው ነው። አማቴ ወደ ወንድማቸው ዞር አላሉም፤ ጀርባቸው ግን እየተናገረ ነበር። በዚያች ደቂቃ በዓለም ላይ ከእኔ የተደሰተ ብየዳ ሠራተኛ አልነበረም።

ከዚያ ማሳው አለቀ።

በሬዎቹ ጫፍ ላይ ደርሰው መዞር ጀመሩ። በሬዎቹ ዞሩ፣ መከስከሻው አልዞረም። ያን የሚያህል ብረት በረዥም ሰንሰለት እየተጎተተ ሲዞር ትልቅ ክብ ይፈልጋል። ወደ ግራ እንዳናዞረው የአማቴ ባለቤት እንሰታቸው ፊት እጃቸውን ዘርግተው ቆመዋል፤ እንሰቱን የሚነካ ሬሳቸውን ተራምዶ ነው። ከፊታችን የውኃ መውረጃው ነው። አንሥተን እናዙረው ብንል ከሁለት በላይ ብርቱ ሰው ይፈልጋል፤ አጥሩ ላይ የተደረደረው ደግሞ ዳጎ አልተጠራ፣ ሳይጠሩት ገብቶ ከሁለት ወንድማማቾች ጠብ መካከል እጁን አያስገባም። ክፍት የሆነው አንድ ወገን ብቻ ነው። የሄባና ማሳ።

በሬዎቹ ቆሙ። ሁላችንም ቆምን። ዳሞታ ተራራ ላይ ደመናው እየጠቆረ ወደ እኛ መውረድ ጀመረ። ያ ዝናብ ከወረደ ጓሉ ጭቃ ይሆናል፣ ጤፉ ይዘገያል፣ ሠርጉ በገበያ እህል ይሆናል። አማቴ ይህን ሁሉ ያውቃሉ። አንዲት ቃል ብቻ ነው የሚያስፈልጋቸው፤ እሷን ደግሞ አፋቸው ውስጥ ይዘው እንደ ትኩስ ጎደሬ ሲያገላብጡ አየሁ። መዋጥም መትፋትም አልቻሉም። ማሳው ሰው እንዳይፈልግ ብለው ያሠሩት ብረት ከሰው ሁሉ መርጦ አንዱን ፈለገ። ያ ሁሉ ደስታዬ ቀረና አዘንኩላቸው።

አቶ ሄባና ከተቀመጡበት ተነሡ። ወንድማቸውን አላዩም፤ እኔን ነው ያዩት።

«ሙሽራው» አሉ፤ ልጅ ወልጄም የሚጠሩኝ እንዲህ ነው፤ «በሬዎቹ ምን ሆኑ?»

«መዞሪያ አጥተው ነው፣ ጋሼ ሄባና።»

ደመናውን አዩ፣ በሬዎቹን አዩ።

«በሬ ከኔ ጋር ምን ጠብ አለው? ይዙር።»

አማቴ እንዳልሰሙ ሆኑ። ግን በሬዎቹን ወደዚያ መሩ። መከስከሻው ጥርሱን እንደተከለ የሣሯን ድንበር ገነጣጥሎ ተሻገረ፣ በሄባና ጓል ላይ ሰፊ ክብ ሠርቶ፣ እያደቀቀ ተመለሰ። በሌላኛውም ጫፍ እንዲሁ። ሦስተኛው ዙር ላይ አቶ ሄባና ከበሬዎቹ ፊት ሆነው ገመድ ይዘው ይስባሉ፤ መቼ እንደያዙት ያየ የለም። አጥሩ ላይ ያሉትም ይህን ሲያዩ አንድ በአንድ ወደ ማሳው ገቡና የቀረውን ጓል በመቆፈሪያ ያሳድዱ ጀመር። ማንም አልጠራቸውም። ዳጎው ራሱን ጠራ። ስንጨርስ የከሰከስነው አንድ ማሳ ሳይሆን ሁለት ማሳ ነበር፤ ሁለቱም አንድ ዓይነት የላመ።

ችግሩ ያኔ ታየ። ድንበሯ የለችም።

አማቴ ዘሩን በቁና ይዘው ወጡና ከየት እንደሚጀምሩ ጠፋቸው። ወዲህ ሄዱ፣ ወዲያ ሄዱ፣ አንድ ቦታ ቆመው በተረከዛቸው መሬቱን ነኩ፤ እዚህ ነበር ማለታቸው ነው። አቶ ሄባና ደግሞ ትንሽ ወዲያ አልፈው በተረከዛቸው ነኩ። የለም፣ እዚህ ነበር። አቤት፣ አሁን ደግሞ ሊጀመር ነው ብዬ በሬዎቹን እንደያዝኩ ደርቄ ቀረሁ። የሁለቱም ዓይን ግን መሬቱ ላይ ነው። መከስከሻው የቆመው ከሁለቱ ተረከዝ አጠገብ ነበር። የተጣሉበት መሬት የመከስከሻውን ግማሽ እንኳ አልሞላም።

በወላይትኛ ነበር የተናገሩት፤ ለእናንተ ስል በአማርኛ ላስቀምጠው።

«ሄባና» አሉ አማቴ፣ ከስንት ጊዜ በኋላ የወንድማቸውን ስም ጠርተው፤ «ይቺን ነው?»

«ይቺን ነው።»

«ሣሩ ላይዋ ቆሞ ሳለ ትልቅ ነበረች።»

«ለኔም ትልቅ ነበረች» አሉ አቶ ሄባና። ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉና ቤት ገብተው ዘራቸውን አመጡ።

ደመናው ሳይቀድማቸው በየፊናቸው ዘሩ። ያቺን መካከለኛዋን ሁለቱም «አንተ ዝራት» ሲባባሉ ሁለቱም ዘሩባት። ጤፍ ደግሞ ሲበዛበት አይወድም፤ በኅዳር ከማሳው ሁሉ ቀድሞ የወደቀው የዚያች ቁራጭ ጤፍ ነበር፤ የሁለት ሰው ፍቅር ከብዶት ጎንበስ ብሎ ተኝቷል። አስቴር ግን የተዳረችው በሁለቱም ማሳ ጤፍ ነው። አጎቷ ቆመው ሲመርቋት አማቴ መሬት መሬቱን እያዩ አሜን ይላሉ፤ ማርታም ታለቅሳለች፣ እኔም ስለ መከስከሻው ለሚዜዎቹ አስረዳለሁ።

ከዚያ በኋላ እኔ ተምሬ፣ ልኩን አውቄ፣ ያን በመጀመሪያ የሣልኩትን ጠባቡን ሠራሁት። ለወላይታ ማሳ የተፈጠረ ነው። እንሰት አይነካም፣ ድንበር አይሻገርም፣ አንድ ሰው ብቻውን አንሥቶ ያዞረዋል። ደንበኛ እንዲያየው ከበሩ አጠገብ ግድግዳው ላይ ሰቀልኩት።

የመጀመሪያው ደንበኛ ከቦምቤ መጣ። ጠባቡን አሳየሁት፣ ለእናንተ እንዳደረግሁት ሁሉን አብራራሁለት። ሰምቶ ሲያበቃ ራሱን ነቀነቀ።

«ያን አቶ አንጁሎ የወሰዱትን ዓይነት ነው የምፈልገው።»

«ወንድሜ፣ እሱ እኮ ላንተ ማሳ አይሆንም። መዞሪያ ታጣለህ። ጎረቤትህ መሬት ውስጥ ነው የሚገባብህ።»

ሰውየው ወደ መንገዱ ዞሮ አንድ ባጃጅ እስኪያልፍ ጠበቀ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«አውቃለሁ። እኔም ከጎረቤቴ ጋር አንነጋገርም።»

ሰፊውን ሠራሁለት። ከእሱ በኋላ የመጡትም የሚያዙት ሰፊውን ነው። ጠባቡ እስከ ዛሬ ግድግዳው ላይ እንደተሰቀለ አለ፤ ልኩ አንድም ቦታ አልተሳሳተም።