በቁልቋል ሥር ያቀለጥኩት እልልታ

ቶሮንቶ ውስጥ ማፈር ረክሷል። አትቀየሙኝና እውነቴን ነው። አውቶቡስ ላይ የሰው እግር ትረግጣላችሁ፤ «ሶሪ» የሚለው የተረገጠው ሰውዬ ነው። እናንተም «ሶሪ» ትላላችሁ። ያልረገጠውም ያልተረገጠውም፣ ብቻ ቆሞ የሚያየው ሁሉ «ሶሪ» ይላል። መንገዱን ቆፍረው ሲዘጉብን እንኳ ሶሪ የሚል ሰሌዳ ይተክሉልናል። እንዲህ ባለ አገር ስትኖሩ እፍረት እንደ ጉንፋን ይቀላችኋል፤ መጣ ስትሉት ሄዷል። እኔም እንደዚያ መስሎኝ ስኖር ነው ባሌ ሞተር ሳይክል ያማረው።

አያሌው ዕድሜውን ሙሉ የከተማ አውቶቡስ ሲነዳ የኖረ፣ ቴሌቪዥን እንኳ ድምፁን ቀንሶ የሚያይ ሰው ነው። ልጆቻችን ወጥተው ቶርንክሊፍ ፓርክ ያለው አፓርትመንታችን ጭር ሲልበት፣ ይሄ ዝምተኛ ሰው አንድ ቀን የሞተር መንጃ ፈቃድ ይዞልኝ ከች አለ። «አስኩዬ፣ አሪዞና በረሃ ልወስድሽ ነው» አለኝ። «በረሃው ምን አለው?» ብዬ ብጠይቀው፣ «ምንም!» አለኝ፣ ደስ እያለው። ልጃችን ሰምታ በእንግሊዝኛ ሳቀችብን።

ፊኒክስ ድረስ በአውሮፕላን ሄደን ሞተሩን እዚያ ሬንት አደረግን። ጃኬቱ በርሜል አስመስሎኛል፤ ሄልሜቱ ጉንጬን ከሁለት ወገን ጨምቆ አፌን የዓሣ አፍ አድርጎታል። ከኋላው ተፈናጠጥኩና ወገቡን አንቄ ይዤ የማውቀውን ጸሎት ሁሉ ጨረስኩ። እየቆየ ግን ፍርሃቱ ለቀቀኝ። ምን ልበላችሁ! መሬቱ ቀይ፣ ተራራው ቀይ፣ ሰማዩ ደግሞ አሁን የታጠበ ይመስላል፤ እንደ ፎቅ የረዘመ ቁልቋል እጁን ወደ ላይ ዘርግቶ ልክ እንደ ምዕመን ቆሟል። ያየሁትን ሁሉ ለአያሌው እጮህለታለሁ። ሄልሜት ስላደረገ አይሰማኝም፤ ስለማይሰማኝ አይቆጣኝም። በትዳራችን እንዲህ ተስማምተን አናውቅም።

በማግስቱ ነው ጉዱ።

ከመንገዱ ዳር፣ አንድ ትልቅ ቁልቋል ሥር፣ ነጭ ቀለም የተቀባ መስቀል ቆሟል። አበባ በአበባ ሆኗል። ዙሪያውን የከበቡት ሰዎች ጥላ ይዘዋል፤ ቀይ ጥላ፣ ቢጫ ጥላ፣ ዘርፍ ያለውም አይቻለሁ። አንዱ ጊታር እየመታ ቀስ ብሎ ያዜማል፤ ሌሎቹ ይቀበሉታል። እስቲ ፍረዱኝ። መስቀል፣ ጥላ፣ ዜማ፣ ዕለቱ ደግሞ ማርያም! እናንተ ብትሆኑ ታቦት ወጥቷል አትሉም?

«አቁም! ንግሥ ነው!» ብዬ ትከሻውን ደበደብኩት።

«የምን ንግሥ? በረሃ ላይ?»

«አንተ ደግሞ! እመቤታችን ስትሰደድ በአስፋልት የሄደች መሰለህ?»

አቆመ። ወረድኩ፣ ሄልሜቴን ነቀልኩ፣ እልልታዬን አቀለጥኩት። የኔ እልልታ የዋዛ አይደለም፤ ቶሮንቶ ውስጥ ሠርግ ያለው ሰው ከዘፋኙ በፊት እኔን ነው የሚጠራው። እልል እያልኩ ሰዎቹን ሰንጥቄ ገብቼ መስቀሉን ልሳለም ጎንበስ አልኩ።

ከመስቀሉ ሥር ፎቶ አለ። አንድ ጎረምሳ ሞተር ሳይክል ላይ ተቀምጦ ይስቃል።

ጊታሩ ቆሟል። ቀና ስል ታጣፊ ወንበር ላይ በኔ ዕድሜ ያለች ሴት ተቀምጣ ታየኛለች። እናቱ ናት። ልጇ እዚያችው ቦታ ላይ ከሞተር ወድቆ ሞቶባት፣ ሙት ዓመቱን ሊያስቡ ነው የመጡት። ጥላው ለፀሐዩ ነው። እኛ ደግሞ በሞተር እያጓራን ደርሰን፣ እኔ እልል አልኩላት። እኛ ዘንድ ለቅሶ ላይ ገብቶ እልል የሚል ወይ እብድ ነው፣ ወይ ደመኛ ነው።

«ሶሪ» አልኩ። ሶሪ ምን ያህል ትንሽ ቃል እንደሆነች እዚያ ነው ያየሁት። አሸዋው ላይ ቁጭ ብዬ ፊቴን በአንገት ልብሴ ሸፈንኩ። አያሌው ላብ እያጠመቀው፣ ከኔ በተሻለው እንግሊዝኛ፣ «ሚስቴ በዓል መስሏት ነው፤ ይሄ ድምፅ እኛ ዘንድ የደስታ ነው» ብሎ አስረዳ።

ሴትዮዋ የልጇን ፎቶ አየችው። ከዚያ፣ «ልጄ ዳንኤል ጸጥታ አይወድም ነበር» አለች። «እኛ ግን በየዓመቱ መጥተን እዚህ እናንሾካሹካለን። እስቲ ድገሚው።»

«አይሆንልኝም፣ እህቴ።»

«ለእሱ ነው» አለችኝ።

ተነሣሁ። መጀመሪያ ድምፄ ተሰበረ። ከዚያ ወጣ፤ እንዴት ወጣ መሰላችሁ! ተራራው ተቀብሎ መልሶ ሰጠኝ። በየትኛውም ሠርግ እንዲያ ወጥቶልኝ አያውቅም። እናትየው አፏን ይዛ ታለቅሳለች፣ ትስቃለች፤ ሰዎቹ ያጨበጭባሉ። እኔ ግን መሃል ላይ ልጁን ረሳሁት። እናቱንም ረሳኋት። የማዳምጠው ራሴን ነበር። እንዲያውም ጭብጨባው ሲደምቅ ጊዜ አንድ ዙር ጨመርኩ።

አቅፋ ሳመችኝ። ሐብሐብ ቆርሰው አበሉን። ለመጀመሪያው እልልታ ይቅር ብለውኛል፤ ለሁለተኛው አመስግነውኛል። እስካሁን ፊቴን የሚያግለው ታዲያ ሁለተኛው ነው።

ስንለያቸው አያሌው ሞተሩን አላስነሳም። ድምፁ እንዳይሰማቸው ብሎ፣ በዚያ ፀሐይ፣ ዓይናቸው እስኪያጣን ድረስ እየገፋ ወሰደው። እኔ ከጎኑ እሄዳለሁ። ኮረብታውን ስናልፍ ቆመና ላቡን ጠረገ።

«አስኩ፣ የመጨረሻዋ ዙር ለማን ነበረች?» አለኝ።

ሄልሜቴን አጠለቅሁና የፊት መሸፈኛ መስተዋቱን ወደ ታች አወረድኩት።